ያለ በግ የሄዱ ሽማግሌዎች

ናዝሬት፣ ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣ ለአቶ ንዋይ፤
አሰብ

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ከእህቴ ከአበባ ተዝካር ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ልነግርዎት ብዬ ነው የፈተና ጥናቴን ትቼ ብዕር ያነሳሁት።

አሸንፈናል፣ አባቴ። አበባ በጭነት መኪና ከተገጨችበት ከትምህርት ቤቱ በር ወዲህና ወዲያ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ተሠራ። ልጆች ሲገቡና ሲወጡም ትራፊክ ፖሊስ ይቆማል። እርስዎ እንደሚነዱት ያሉ ባለተሳቢዎች ሳይቀሩ እየተንፏቀቁ ያልፋሉ።

በመጋቢት በጻፉልን ደብዳቤ፣ «በልጄ ሞት የባለሥልጣን ደጅ እንዳትጠኑ። ደጅ ጥናት ከጃንሆይ ጋር ቀርቷል፤ ሕግ ካለ በሕግ ይሠራል» ብለውን ነበር። ቃልዎን አልፈን ሄድን። ለምን እንደሄድን ይስሙኝ።

መጀመሪያ በሕጉ ነው የሞከርነው። ቀበሌ ወደ ማዘጋጃ ቤት ላከን። ማዘጋጃ ቤት መንገዱ የመንግሥት ዋና መንገድ ስለሆነ አይመለከተኝም አለ። በዚህ መሐል የጭነት መኪኖቹን የሚያሰማራው ድርጅት ኃላፊዎች ጉብታ ጭነት ያዘገያል ብለው የሸንጎ ተወካያችንን ጓድ መርጋን ሶደሬ ወስደው ጋበዟቸው። የእድራችን ዳኛ አባባ ገርባ ይህን ሲሰሙ፣ «እነሱ ጆሮውን ይዘዋል። እኛ ሕግ፣ ሕግ እያልን ቤታችን እንቀመጥ?» አሉ።

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ «ባዶ እጅማ አይኬድም፤ በግ እንግዛ» ቢሉ አባባ ገርባ ተቆጡ።

«በግ ከገባ ነገራችን ከበጉ ጋር ይበላል። ደግሞ የግቢው በር ክፍት ይሁን፤ መንገደኛም ይስማን።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓድ መርጋ ቤት ሄድን። የእድሩ ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ እኔም እማዬ የተኮሰችልኝን ኮት። አባባ ገርባ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። የጓድ መርጋ ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ጋቢውን አዩ፣ ኮቴን አዩ፣ ፈገግ አሉ።

«ልጁ ይሄ ነው? ምነው፣ ጢም እንኳ አላበቀለ። ትምህርቱንስ ማን ይጨርስለታል?»

ልጅቷ በመስኮት አየችኝና መጋረጃውን ለቀቀችው። ጆሮዬ ጋለ።

«ልጅ ልንጠይቅ አልመጣንም፣ እመቤቴ» አሉ አባባ ገርባ። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሞተችው ልጅ ወንድም ነው።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ባላቸውን የጠሩልን እሳቸው ናቸው።

ጓድ መርጋ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ይህ የሕዝብ ጉዳይ ነው። ቤቴ ድረስ መምጣት ደንብ አይደለም» አሉ።

«በምርጫው ጊዜ እርስዎ ቤታችን ድረስ መጥተው የለ እንዴ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ያኔ ደንብ ነበር?»

እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ፣ እኔም ተናገርኩ። «እኛ አሁን የምንለውን ስብሰባ ላይ እንደግመዋለን። ሶደሬ የጋበዙዎትም ቃላቸውን እዚያው ይድገሙት።»

 ጓድ መርጋ «ይሁን» አሉ፤ ያኔ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ጓድ መርጋ በጠሩት የሕዝብ ስብሰባ ላይ የድርጅቱ ሰው ተነስቶ ጉብታ ጭነት ያዘገያል አለ። ጓድ መርጋ «ምን ያህል?» ብለው ጠየቁት። ከፊት የተቀመጡትን እናቶች እያየ፣ «ጥቂት ደቂቃ» አለ። ድምፁ አነሰ። እማዬ ተነስታ የአበባን ስም ብቻ ጠራችና ተቀመጠች። አዳራሹ ሁሉ «ጉብታው ይሠራ» ብሎ እጁን አወጣ።

ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፣ አባቴ። ሹምን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በሰው ፊት ሊደግሙት የማይችሉትን በጆሮው መናገር ነው ነውሩ። እርግጥ አንድ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለልጃቸው የመጣን ባይመስላቸው ኖሮ በሩ ይከፈትልን ነበር? ሽማግሌ የሌለው ሰውስ በማን ይሄዳል? ይህን አብረን እንድንከራከርበት እፈልጋለሁ፤ በደብዳቤ አይሆንም።

ባልደረባዎ ሱሩር ትናንት ሲያልፍ ቤት ገብቶ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ እርስዎ፣ ከሚሌ በኋላ ወደ እኛ የሚያመጣውን መንገድ ለሌላ ሹፌር እየለቀቁ ወደ አሰብ እንደሚመለሱ ነገረን። እማዬ «የገጫት ሌላ፤ ንዋይ ምን አደረገ?» ብላ ጠየቀችው። ሱሩር «የትምህርት ቤቱን በር ማየት አቅቶት ነው» አላት። የእራት ድርሻዎን ግን ዛሬም ለይታ አስቀምጣለች።

የአዋሽን ድልድይ በሰላም ያሻግርዎት። ምርቃትዎ አይለየኝ። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ እንደ ማንኛውም ሹፌር ቀስ ማለትዎ አይቀርም፤ እኔ ከጉብታው አጠገብ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ጋቢናውን ይክፈቱልኝ፤ አብረን ቤት እንገባለን።

ልጅዎ
ብዙነህ ንዋይ