ሞተሩ ሳሎን፣ መኪናው ደጅ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጀማሉዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ጀማልዬ። እንዴት ነህ? ያ የማይለቅ ሳልህ ለቀቀህ? ሰሀርስ ወገቧን ተሻላት? አናስ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚነክሳችሁ? ጆሃንስበርግ ብርድ ገብቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ሱቅ ስትውል እግርህን ሸፍን፣ እሺ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ያልሆነው የአባባ ቮልስ ብቻ ነው፤ እሱ ደህና ባለመሆኑ ግን የእኛም ደህንነት እያለቀ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል። ስትደውል አባባ ድምፁን አስጨምሮ አጠገቤ ይቀመጣል። "መኪናው እንዴት ሆነ?" ስትለው "ትንሽ ነው የቀረው" ይልሃል። የምን ትንሽ! ሞተሩ እንዳለ ሳሎኔ ውስጥ ነው። ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ሳገኝ በወረቀት ልተንፍስ ብዬ ነው።

ባለፈው አረፋ ቮልሱ ተበላሽቶበት አባባ ሀገር ቤት እንዳልሄደ ታውቃለህ። "ዕድሜዬን ሙሉ በገዛ መኪናዬ ገብቼ፣ ዛሬ እንደ ጆንያ ከአውቶቡስ አልወርድም" ብሎ ሁላችንንም አስቀረን። ዘንድሮ አጎታችን ሳቢር ሰው ላከ። "ወንድሜ ለዚህ አረፋ ይምጣልኝ፤ ለሚቀጥለው ልኑር አልኑር አላውቅም" ነው ያለው። አባባ አለቀሰ። እንባውን ጠርጎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዲያው ሞተሩ ይታደስ።" እንሂድ አላለም እኮ!

ጋራዥ ይግባ ስንለው ኦርጅናሉን ዕቃ ይቀይሩብኛል፣ ከዓይኔ አይርቅም አለ። አማቹን ማስደሰት የሚወደው ባሌ ሸምሱ "እኔ እሠራዋለሁ" ብሎ ተነሳ። የጀሞውን የሴራሚክ ሱቅ በጊዜ እየዘጋ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ፣ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ሞተሩን ከኋላው አወረደው። ዝናብ መጣና ሳሎን አስገባው። አጥር የምንጋራቸው ጋሽ በንቲ ብቅ ብለው "ሐሚዳ፣ ባልሽ አራስ ሆነ እንዴ? ከቤት አይወጣም!" እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ።

ሸምሱ ሞተሩን ፈትቶ ዕቃውን በአንሶላዬ ላይ፣ አዎ በሙሽርነቴ አንሶላ ላይ፣ በተራ ደረደረው። እያንዳንዱ ፒስተን ከራሱ ሲሊንደር አጠገብ ነው። አብረው ያረጁ ስለሆኑ ከተቀያየሩ አይስማሙም አለኝ። ልጆቹ ግድግዳ ታክከው እንዲያልፉ አስተማርናቸው።

ከዚያ አክስታችን ዙበይዳ ለአረፋ አብራን ልትመለስ ከሀገር ቤት መጣች። መቼም ታውቃታለህ፤ ግድግዳ ካልተለቀለቀ፣ ዕቃ ካልተፈገፈገ አረፋ የደረሰ አይመስላትም። እኔ ላፍቶ ገበያ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤቱ ያብረቀርቃል። አንሶላዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ብሎኑ ሁሉ በኦሞና በአመድ ተፈግፍጎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ ተለይቶ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ውስጥ ቁጭ ብሏል! "ይህን ሁሉ ጥቀርሻ ይዛችሁ ዋዜማውን፣ የሴቶች አረፋን ልትቀበሉ ነበር?" ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ።

ሸምሱ ምን ይበል? ታላቅ ናት፣ እንግዳ ናት። "አላህ ይስጥልኝ አክስቴ" አለና ወጥቶ ሞተር በሌለው መኪና ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዘግቶ ሲጮህ ከኩሽና ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ እንግዲህ በግምት ገጠመው። ይሄ የዚህ ነው፣ የለም የዚያ ነው እየተባባሉ ከአባባ ጋር ተኳረፉ። ጎን ለጎን ተቀምጠው "ሐሚዳ፣ ካንዴላውን አጥብቋል ወይ በይልኝ" ይለኛል አባባ። "ሐሚዳ፣ አጥብቄያለሁ በይልኝ" ይላል ሸምሱ። መልሰው ሰቅለው ሲያስነሱት ጓጓጓ ብሎ ግቢውን በጭስ ሞላው። ጋሽ በንቲ ከአጥሩ ማዶ "ተባረኩ፣ ትንኞቹን ጨረሳችሁልን!" አሉ። ሞተሩ እንደገና ወረደ፣ እንደገና ሳሎን። አንሶላዬም እንደገና።

ሰልችቶኛል ጀማል። ወጡ ላምባ ላምባ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ከሞተር ጋር ጉልበት ለጉልበት ነው የሚቀመጠው። ትናንት ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ ለአረፋ አይደርስም ሲል ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? በቃ፣ ሳቢር እየጠበቀ ነው፣ በአውቶቡስ እንሄዳለን ብዬ ጮህኩ። አባባ እራቱን በልቶ ጨረሰ። እጁን ታጥቦ "አይሱዙ ላይ ይጫን" አለ።

ሐሳቡን ስማ። መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፣ አስፋልቱ ዳር ይወርዳል። ከዚያ እስከ ሳቢር ደጅ ቁልቁለት ነው። "ለቁልቁለት ፍሬን እንጂ ሞተር ምን ያደርጋል?" አለ። የኋላው ክዳን ከተዘጋ ማን ያውቃል? አክስታችንን ለማንም እንዳትናገር አስማላት። ይኸው ሸምሱ ከጠዋት ጀምሮ እየሳቀ ፍሬን ይፈትሻል፤ ኩርፊያው የት እንደገባ እንጃ። ማክሰኞ እንወጣለን።

የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ። አባባ ፊት ቆሜ "እሺ ወረድክ፤ ስንመለስ ዳገቱን ማን ያወጣዋል?" አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል "ጀማል" አለ። "እዚያው ሳቢር ግቢ ይቆያል። ጀማል ሲመጣ ይገፋዋል።" ልጣላው የገባሁት ሴትዮ ይኸው ወረቀት አንስቼ ላንተ መጻፍ ጀመርኩ።

አክስታችን ዙበይዳ አናስን በሩቁ ሳመችው፤ ጋሽ በንቲ ለሁላችሁም ሰላም ብለዋል፤ ልጆቼ ሰሀርን ናፍቀዋታል። ሸምሱ ስትመጣ አዲስ ፒስተን ይዘህ እንድትመጣ ይለምንሃል። አባባ ግን ምንም አታምጣ፣ ጉልበትህን ብቻ ይዘህ ና ብሎሃል።

እህትህ ሐሚዳ
ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.