እጣቢ ስለሚጠጣው አውቶቡሳችን

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የተንቀሳቃሽ ክሊኒኩ ሾፌር ደህና ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች ጠረጴዛዎ ላይ እረፍታቸውን እንዳልረብሽ ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። አሮጌው አውቶቡስ ወንበሮቹ ተነቅለው ክሊኒክ ሲሆን፣ ከአዋላጇ መታጠቢያ የሚወርደው እጣቢ በቱቦ ተጠራቅሞ ሞተሩን እንዲያቀዘቅዝ ያዘዙት ውሃ ለመቆጠብ አስበው ነው። መካኒካችን ሳሙና ያለበት ውሃ ሳይጣራ ራዲያተር ውስጥ ከገባ እንደሚደፍነው ጽፎ ማጣሪያ ሲጠይቅዎ፣ የመካኒክ ሥራ መፍታትና መግጠም እንጂ መጻፍ አለመሆኑን በትሕትና አስተምረውታል።

፩. ባለፈው ማክሰኞ ምጥ የያዛትን ሴት ከባሏ ጋር ጭነን ወደ ሆስፒታል ዳገቱን ስንወጣ፣ የሙቀት መለኪያው ቀዩን አልፎ ከሞተሩ አረፋ ይገነፍል ጀመር። ዳር ይዤ ቆምኩ። አብሮን የነበረው መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ሊከፍት ሲል የፈላው እጣቢ ክንዱን እስከ ክርኑ ላጠው። ዛሬም መፍቻ መያዝ አልቻለም፤ መጻፍም እንደዚያው፣ ስለዚህ ደስ ይበልዎ።

፪. የቀረን ንጹህ ውሃ ለሞተሩ መጠባበቂያ የተመደበው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። ለሞተሩ ባፈሰው ምናልባት ሆስፒታል እንደርስ ነበር፤ ምናልባትም ዳገቱን ሳንጨርስ እንቆም ነበር። ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ስወላውል አዋላጇ ዞር ሳትል፣ «ወንድሜ፣ ለእጄ አምጣው፤ ሕፃኑ መጥቷል» አለችኝ። እጇ ላይ ሳፈስላት ግማሹን ጫማዬ ላይ ደፋሁት። ሕፃኗ መንገድ ዳር ተወለደች፤ ስትወለድ ግን አላለቀሰችም። አዋላጇ ጀርባዋን ስታሽ፣ አባትየው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆመ። ክቡርነትዎ፣ ያንን ዝምታ አልሰሙትም። በመጨረሻ ቀጭን ድምፅ ስታወጣ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

፫. ሦስተኛ ቅሬታ አልነበረኝም። ትናንት ግን ንጹህ ውሃ ያለፈቃድ ለሌላ አገልግሎት በማዋሌ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠኝ የሚገልጽ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ለማመልከቻዎቼ መልስ የማይሰጡ መስሎኝ ስለነበር ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

አክባሪዎ፣ የተንቀሳቃሽ ክሊኒኩ ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእጣቢውን ቱቦ ዛሬ ጠዋት በመጋዝ ቆርጬዋለሁ፤ ያየኝ ሰው የለም። ለሁለተኛው ማስጠንቀቂያዎ ምስክር ፍለጋ እንዳይደክሙ ይኸው ራሴ ፈርሜያለሁ።