ልጅሽ ወደ ላይ ያነሳት ኳስ

ዘነብዬ፣

ዛሬ ጠዋት ሰው መታሁ። ከሌላ ሰው ሳትሰሚው ቶሎ ልንገርሽ። የገና ማግስት አይደል፣ ለበዓሉ ከኮምቦልቻ ያንቺ አገር መጥተን፣ ቦሩ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ነበር። እሱባለው ገባ፣ አፉን በዱላ ተመታ። የልጃችንን ደም ሳይ ከዳር ተነስቼ ሜዳ ገባሁ፣ የወደቀ ዱላ አነሳሁና የመታውን ልጅ፣ የወፍጮ ቤቱን ደምስን፣ ክንዱ ላይ አሳረፍኩበት። ሲሰበር ሰማሁት። እንደ ደረቅ ባህር ዛፍ ነው ቀው ያለው።

ከተለየሽን ይሄ ሁለተኛው ገና ነው። የምነግርሽን በየተራው አስቀምጬልሽ ነበር። አንደኛ፣ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀይሯል። ሦስተኛ፣ ንፋስ ያዞረው ዲሽ ተስተካክሏል፣ የበረዶ ሆኪውም እንደ ድሮው ይመጣል። አራተኛ፣ አልጋው ላይ ባንቺ በኩል አልተኛም። አሁን ተራው ሁሉ ተበላሸብኝ።

ሆኪውን መቼም አትረሽውም። በኮምቦልቻ ሙቀት ቁጭ ብለን በረዶ ላይ የሚላተሙ ሰዎች ስናይ ጎረቤት ይስቅብን ነበር። ጥርስ ሲረግፍ፣ በረዶው ደም ሲሆን፣ ዓይንሽን ትሸፍኚና በጣቶችሽ መሀል ታያለሽ። አንድ ቀን አንዱ ተጫዋች ከጎሉ ጀርባ ሆኖ እንደ ኳስ የሚመቷትን ጥቁር ጎማ በዱላው ጫፍ እንደ እንቁላል አንስቶ በበረኛው ትከሻ በላይ ሲያስገባት ከመቀመጫሽ ተነሳሽ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ከጎል ፊት ቆሞ ዝቅ አድርጎ የሚመታው ብዙ ጊዜ ያገባል፤ የሚያሳምረው ብዙ ጊዜ ይቀማል፣ ሲቀማ ደግሞ ይደበደባል። ጨዋታው እንጀራው የሆነ ሰው ለምን ያቺን ይሞክራል አልኩሽ። አንቺም፣ ሁሉም እንዳንተ ቢጫወት ስታዲየሙ ውስጥ አንተና በረኛው ብቻ ትቀሩ ነበር አልሽኝ። እሱባለው በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ያንቺ ወገን ሆነ።

ዛሬም መክሬው ነበር። ኳሷን መሬት ለመሬት ንዳት፣ ዱላህን ከጉልበት በላይ አታንሳ፣ ደምስ ከመጣ ለጓደኛህ ስጥ። ደምስ ኩንታል ተሸካሚ ነው፣ ሲሮጥ መሬቱ ይነቃነቃል። ቅልጥም ሲላጥ፣ የአንዱ ቅንድብ ሲተረተር፣ ሌላው ጣቱን ይዞ ሲያቃስት፣ የኛ ልጅ እንዳልኩት ዝቅ ብሎ ተጫወተ። ደምስ ግን ኳሷ ካለፈች ጎል በሚሆንበት መስመራቸው ጋ ቆሞ፣ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ኳሷን በማንኪያ ታበላታለህ እንዴ ብሎ አላገጠበት። ሰው ሳቀ። ያኔ ነው የእንጨቷን ኳስ በዱላው ቆልማማ ጫፍ አንስቶ፣ አገጩ ሥር ይዟት የሮጠው፣ ልክ እንደዚያ የሆኪ ሰውዬ። ሊወረውራት ሲል ደምስ ኳሷን ለመምታት ብሎ ሰነዘረ። ኳሷ ያለችው የልጃችን አፍ ጋ ነበር። ሁለት የፊት ጥርስ ሄደ። ከንፈሩ ተሰፍቷል።

የቀብርሽ ቀን ድንኳን የተከሉልን ጋሼ ሙሄ ናቸው ዱላውን ከእጄ የነጠቁኝ። ሽማግሌ ሰብስበው እዚያው ሜዳው ዳር አስቀመጡኝ። አብሽር አሉኝ፣ ከዚያ ፈረዱብኝ። ጨዋታ ውስጥ የወለቀ ጥርስ ቂምም ካሳም የለውም፣ ወላሂ የኔም ሁለቱ እዚሁ ሜዳ ነው የቀሩት አሉ። ከዳር ገብቶ የመታ ግን ተጫዋች አይደለም። በግ ይዤ ደጁ ድረስ ሄጄ እናቱን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ክንዱ እስኪድንም የወፍጮ ቤቱን ኩንታል በሱ ፈንታ ልሸከም። ይሄ ነው ፍርዱ። ወገቤን ታውቂዋለሽ።

ልጅሽ ከተሰፋ በኋላ በዚያ ባበጠ አፉ የጠየቀኝ ስለ ጥርሱ አይደለም። መስመሩን አለፈች ወይ አለኝ። እኔ ዱላ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፣ አላየሁም። ጋሼ ሙሄ አይተዋል። እሱ ሲወድቅ ኳሷ በደምስ ጭንቅላት በላይ አልፋ ከመስመሩ ወዲያ ተንከባልላለች ዘነብዬ። ገብታለች። ሲነግሩት በዚያ ደም በሞላው አፉ ሳቀ፣ ስፌቱ እንዳይበጠስ ብዬ አገጩን ያዝኩት።

ታመሽ ሳለሽ፣ ልጁን በፍርሃትህ አትሰርብኝ ብለሽኝ ነበር። አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ሲድን ዱላ ቢያነሳ አልከለክለውም። እንዳንቺ ዓይኔን ሸፍኜ በጣቶቼ መሀል አያለሁ፣ ከዳር ግን አልነሳም።

በጉ ተገዝቶ ባረፍንበት ቤት በረንዳ ላይ ታስሯል። ኩንታሉን እዚሁ ሰንብቼ ከነገ ጀምሮ እሸከማለሁ። የደምስ እናት ደጅ ግን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። የሷ የይቅርታ ዕዳ ገና አልተከፈለም።