በሞተሯ ቦታ የታሰረች በቅሎ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሞተሯ ትቆምበት ከነበረው ቦታ በቅሎ ታስራለች። ፈተና ሳርም ውዬ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በሩን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ጆሮዋን ነው። የሰው ግቢ የገባሁ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

አጎቴ ጋሼ ይርሳው አጥሩ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። "ለሠርግ ተጠየቅሁ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። የሞጣው ወዳጃቸው፣ እህል ነጋዴው ጋሼ አዳሙ፣ ነገ ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሽራው በዚያች ሞተር ካልሆነ አልታጀብም ብሏል አሉ። በጭነት መኪና መጥተው ጭነው ወሰዷት።

"በቅሎ ለሠርግ ተጠይቆ ይከለከላል? ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ መያዣ ትተዋል።"

መያዣዋ አየት አደረገችኝና ድርቆሿን ማኘክ ቀጠለች።

እኔን የጠየቀኝ የለም። አባቴ ሊሞት ሲል "ሞተሯ ያንቺ ናት" ያለኝ እኮ እሳቸው ራስጌው ተቀምጠው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

እሑድ፣ ጥር 17

ሠርጉ ዛሬ ነው። እኔ ቢቸና ቁጭ ብዬ የሰው በቅሎ ውኃ አጠጣለሁ።

የምፈራው፦ የቤንዚን ታንከሯን በቀለበት ይጭሩታል። የፊት መስታወቷ ላይ ልጅ ያንጠለጥላሉ። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ላይ ሪባን አስረው ያቃጥሉታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አትመለስም።

አባቴ የመንገድ ሥራ መካኒክ ነበር። ያቺን አሜሪካ ሠራሽ ሞተር አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ አልነሣ ስትለው ጥሏት ሄደ፤ አባቴ አራት ዓመት እየፈታ ገጠማት። ሰፊ ወንበር፣ የእግር ማሳረፊያ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሣጥን አላት። የከተማችን ሞተሮች እንደ ፌንጣ ይዘላሉ፣ ይንጫረራሉ። እሷ አትቸኩልም። ስትነሣ ድምፅዋ መጀመሪያ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። "አትታገያት፣ ክብደቷን እመኛት" ይለኝ ነበር።

ከቅዳሴ መልስ ቦርሳዬን ስበረብር ቁልፏ እጄ ገባ። ታዲያ በምን አስነሧት? ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ቁልፍ እንዳላት እንኳ አልጠየቁም።

ሰኞ፣ ጥር 18

ጋሼ አዳሙ ደወሉ። ሙሽራው ከላይዋ አልወርድ ብሏል፤ በቅሎዋም እዚያው ትቅር፣ ሞተሯም እዚህ ትቅር አሉ። አጎቴ እሺ ብለዋል! ልዋጭ!

"በቅሎ ቤንዚን አትጠጣ፣ ጎማ አታስቀይር" ይሉኛል። "አንቺስ ነገ ባል ስታገቢ በሞተር ልትዞሪ ነው?"

"የእርስዎ አይደለችም" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቷል። እርስዎ ማለቴን ግን አልተውኩም።

ሞጣ እሄዳለሁ ስላቸው "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች" አሉኝ። በየትኛዋ በቅሎ እንደተናገሩ አልጠየቅኋቸውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ወስጄ በሚኒባስ ሄድኩ። ከጉንደ ወይን በኋላ አቧራው አፌ ድረስ ገባ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስድብ ስደረድር ነበር።

ሞተሯን ድንኳን ውስጥ አገኘኋት። የበቅሎ ጌጥ ጨርቅ፣ ቀይ ግላስ አልብሰዋታል። የበቅሎ ቃጭል አንጠልጥለውባታል። የቆዳ ወንበሯን ደግሞ እንደ ኮርቻ በቅቤ አሽተውታል። በቅቤ! የደረደርኩት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ።

ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ፤ ስምንት ሰው እየተጋገዘ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ገፍቶታል፤ ከሚዜዎቹ አንዱ የጡሩምባዋን ድምፅ በአፉ ሲያወጣ ነበር። "እየተገፋሁም ቢሆን ደስ ብሎኛል" አለ። ላዝንለት ምንም አልቀረኝም።

ጋሼ አዳሙ ግራ ገብቷቸው "ልጄ፣ ባለቤቱ ይርሳው አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

"አይደሉም" ብዬ ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

አንዴ አጉረመረመችና ተነሣች። ሙሽራው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጋሼ አዳሙ ትንሽ አዳመጡና "በሉ፣ ግላሱን አንሡላት" አሉ። "በቅሎዬን ይርሳው ራሱ ያምጣልኝ፤ ያልሆነውን ነኝ ብሎ አዋርዶኛል።"

እስከ ቢቸና ራሴ ነዳሁ። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እየነዳሁ አለቀስኩ፤ አቧራው ነው ብዬ ልዋሽ ብል ለማን?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ንዴቴ አልበረደም። ወንበሯ አሁንም ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት። በቅሎዋ እዚያው ናት፤ አጎቴ ነገ ተቀምጠዋት ሞጣ ይሄዳሉ። ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም።

ከሰዓት አንድ ሰው ከአምበር መጣ። ወንድሙ ሊያገባ ነው፤ የሞጣውን ሠርግ ወሬ ሰምቷል። አጎቴን እጅ ነሥቶ ሞተሯን ለመናቸው። እኔ ከውስጥ መስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

አጎቴ ዳዊታቸውን ዘጉ። ከዚያ "እኔ የማውሰው ነገር የለኝም" አሉት። "ባለቤቷ ውስጥ ናት፤ እሷን ጠይቅ።"

ወጣሁ። አላውስም አልኩት። ፊቱ ሲጠቁር ሳይ ግን የሞጣው ሙሽራ ትዝ አለኝና፣ ከፈለጋችሁ ወንድምህን ከኋላዬ አስቀምጬ ራሴ እነዳለሁ አልኩት።

ሰውየው እኔንም አጎቴንም ተራ በተራ አየን። ከሽማግሌ ተማክሬ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል።