ትንሿ መኪና እና አምስቱ ሽማግሌዎች

ታዴ፣
ከማስተማር ስትመለስ ቧንቧውን ዝጋው፤ በርሜሉ እየሞላ ነው። ጎመኑ ድስት ውስጥ አለ።

ሽማግሌዎችህ አቢጋኤልን ሊጠይቁልህ አንጋጫ ሄደዋል።
የነዳሁት ግን እኔ አይደለሁም።

መኪና አከራዩ አህመድ ከሁለቱ የቅንጦት መኪናዎቹ አንዱን ምረጥ ሲለኝ፣ ባለ ሰባት ወንበሩን ትቼ ትንሿን ወሰድኩ። «ትልቁ ተይዟል» ያልኩህ ውሸት ነው። የአቢጋኤል እህት ጣቢታ በዚያች ቀይ መኪና መሪ ላይ እንድታየኝ ፈልጌ ነው። አምስት ወንበር ለአምስት ሽማግሌ ይበቃል ብዬ ሾፌሩን ሳልቆጥር ቀረሁ።

ጠዋት ጋሽ ሳህሉ ቦታ አጡ። «እኔን ጥላችሁማ አትሄዱም!» ብለው ከዘራቸውን በሩ መሃል አስገቡ። እውነታቸውን ነው፤ ሽማግሌ ጎድሎ ልጅ አይጠየቅም። በትልቁ ልለውጥ ብሮጥ አህመድ ለሰርግ ሰጥቶታል።

ከአምስቱ መንጃ ፈቃድ ያላቸው መጋቢ ሆሴዕ ብቻ ስለሆኑ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ንግግሩን የሚያደርጉልህም እሳቸው ናቸው። ሲነሱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ የዚህች መኪና ፍሪሲዮን የታል?» አሉኝ፤ አውቶማቲክ ነድተው አያውቁም።

እኔ በሚኒባስ ልከተላቸው ነው። ቤተሰቦቿ እሺ ካሉ ቀድሜ የምደውልልህ እኔ ነኝ።
እንቢ ካሉ መጋቢ ይደውሉልህ።