የአበረ ቀበቶ ጉዳት የለበትም

ዳንግላ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ የዘንባባ መስመር ሥራ ኩባንያ የዳንግላ ሥራ አስኪያጅ፤

ይህ ክረምት በእርስዎና በቤተሰብዎ ላይ እንዳይበረታ፣ ጉንፋኑም ደጅዎን እንዳይረግጥ እየተመኘሁ ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ገበየሁ፣ ገበያው ዳር ልብስ የምሰፋ፣ አንዲት ባለ ቆርቆሮ ቤት ያለችኝ ሰው ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት እንኳ ፊርማዬ በመጋዘንዎ መዝገብ ከአበረ ደሴ ስም አጠገብ ይገኛል። የፊተኛውን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ ባመጣው ዘበኛው አልቀበልም ስላለኝ ይህን በሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ገበያተኛው ሁሉ ከእርስዎ በፊት ስለሚያነበው ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፩ኛ. ከሠራተኞች ማኅበሩ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ለሚወጡት አሥራ ሁለት ሰዎች አሥራ ሁለት ቀበቶ ስላስመጡ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሰውየው ወገቡን ከምሰሶው ጋር የሚያስርበት ወፍራም ቆዳ ነው፤ እጁ ቢያመልጠው እንኳ አይወድቅም። ከጥቅምት ጀምሮ ዘጠኙ አንዲት ጭረት ሳትነካቸው በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ። የማኅበሩ ተጠሪ አቶ አዝመራውን ብንጠይቀው፣ ውሉ ቀበቶ ይምጣ ይላል እንጂ እንዴት እንደሚሰጥ አይልም ብሎ አስረድቶናል፤ እሱንም እግዜር ይስጠው።

፪ኛ. ቀበቶ የሚወስድ ሁሉ ዳንግላ ላይ ቤት ያለው ዋስ እንዲጠራ፣ አንድ ቤትም ለአንድ ቀበቶ ብቻ እንዲዋስ መደንገግዎ የንብረት ጠባቂነትዎን ያሳያል። ችግሩ፣ ዋስ ያጡት ዘጠኙ ሰዎች ከቆሰበር ወዲያ ካሉ መንደሮች የመጡ፣ እርስ በርሳቸው በአገውኛ የሚያወሩ ገበሬዎች መሆናቸው ነው። በሬም ፈረስም መሬትም አላቸው፤ ዳንግላ ላይ ግን ከገበያው በቀር የሚያውቁት የለም። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ዛሬ ወገባቸውን ሳያስሩ ይወጣሉ።

፫ኛ. ስለ ቅጽዎ አጻጻፍ ማመስገን ፈልጌ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። አበረ ከሚስቱ ከእታለማሁ ጋር በጓሮዬ ባለችው ክፍል ሁለት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። ዋስ እንድሆነው ሲለምነኝ አላንገራገርኩም። ማንበብ አይችልምና ቅጹን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ ቀበቶው ቢጠፋ፣ ቢበጠስ ወይም በዝናብ ቢበላሽ ዋሱ በቤቱ ይጠየቃል ይላል። ምነው እዚያው ላይ አፌን በያዝኩ! እኔ ግን እየሳቅሁ፣ እንግዲህ ቤቴን ታጥቀህ ልትዞር ነው፣ አደራህን አልኩት። እሱ ቀልድ አልመሰለውም። በጋውን ሙሉ ታጠቀው፤ እሑድ እሑድ ቅቤ ይቀባው ነበር። ዝናቡ ሲገባ አውልቆ በሚስቱ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው፤ እኔም ይህን አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ፳፱ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ይዘንብ ነበር። መብራቱ ለመስቀል ቆሰበር እንዲደርስ ሥራው በዝናብም እንዳይቋረጥ በካቦው በኩል አዘው ነበርና ሁሉም ወጡ። እታለማሁ ቀበቶውን ከሳጥን አውጥታ ብትሰጠው መለሰላት። ያላትን ቃል በቃል ነግራኛለች፦ «ተይው፤ ውሃ ከነካው የጋሽ ገበየሁ ቤት መሄዱ ነው። እኔ ምሰሶውን አቅፌ እይዘዋለሁ።»

ቆሰበር መግቢያ ካለው ምሰሶ ላይ ሽቦውን ሊያስር አንድ እጁን ሲለቅ፣ የረጠበው እንጨት አዳለጠው። ጓደኞቹ በጋሪ ጭነው ወደ ዳንግላ ሲያመጡት መንገድ ላይ ዐረፈ። ከዚያ ወዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የምውለው፤ የእርስዎን ድርሻ ለእርስዎ ትቼ ማለቴ ነው።

፬ኛ. ሐዘናችንን ለመካፈል የመጋዘን ኃላፊዎን በሳልስቱ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ከለቀስተኛው መካከል ቆሞ ቀበቶውን ጠየቀ። እታለማሁ ከሳጥኗ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ እየዳሰሰ መረመረውና ደረሰኝ ጻፈልኝ፦ «ከአበረ ደሴ የተመለሰ ቀበቶ አንድ፤ ጉዳት የለበትም።» ወረቀቱ ምን እንደሚል እታለማሁ ጠየቀችኝ። ላነብላት አልቻልኩም።

አበረ ከወደቀ ወዲህ የቆመው ሥራ የፊታችን ሰኞ ይቀጥላል ተብሏል። ቤቴ ከዋስትና ነፃ ስለሆነች ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ መፈረም እችላለሁ። ትናንት ዘጠኙም መጥተው በሱቄ በር ላይ ቆሙ። ከዘጠኝ ባለ ትዳር ማንን ልምረጥ? ጭንቀቴን ዐይተው ዕጣ እንጣጣል አሉ፤ ስማቸውን በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጻፍኩላቸው፤ ዕጣውም አየነው ለሚባለው ወጣ። ስምንቱ ተራ በተራ እንኳን ደስ ያለህ እያሉ ሳሙት። ከልባቸው ነበር። እኔ ግን ማየት ስላልቻልኩ ወደ ስፌት መኪናዬ ዞርኩ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከሰኞ በፊት ለነዚህ ስምንት ሰዎች ስምንት ቀበቶ ከግድግዳው ላይ ያለ ዋስ ያውርዱላቸው።

ለኩባንያዎ ቆዳ ረጅም ዕድሜ እየተመኘ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የሚነሳዎት፣ ቤቱ የተረፈለት ዋስ፣

ገበየሁ እንየው፣ ልብስ ሰፊ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ አየነው ዶፍ ቢወርድበት እንኳ ቀበቶውን እንዳያወልቅ በመስቀል አስምዬዋለሁ። ቆዳው ይህን ክረምት እንደማይሻገር የታወቀ ነውና፣ ቤቴን የሚረከብ ሰው ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ ቁልፉን በእጄ አስረክባለሁ። ለስምንቱ ግን ሌላ ቤት የለኝም።