የሳልማ ሆምስ፣ የኔ ደሴ

ኅዳር 27
ዛሬ ምንም የለም። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ፣ ቴርሚን ነበረኝ፣ ኡ-ባኑ፣ የምድር ባቡሩ፣ ዘገየ፣ ግን ደረስኩ። ሰፈሬ ቦናመስ ስመለስ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ሳልማ ስልኳን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማለች። "ሐማ ወደቀች። ቀጥሎ የኛ ሆምስ ነው" አለችኝ። የሶርያ አማፅያን እንደገና ተነስተው ከተሞቹን እየያዙ ነው ማለት ነው… ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ይሁን ፍርሃት አልለይ አለኝ።

ኅዳር 29
የሶርያ መንግሥት ወደቀ! ሃምሳ ዓመት የገዛ ቤተሰብ፣ ጠዋት ተነስቼ ብሰማ የለም! የሳልማ ባል አሚር፣ ያ ሰላምታ የሚቆጥበው ሰውዬ፣ ኮሪደር ላይ አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ። መሃል ከተማ ይዘውኝ ወረዱ። ባንዲራ፣ ክላክስ፣ ጭፈራ… እኔም አላስቻለኝም፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። አገርሽ የት ነው ያለኝ የለም። ድምፄ ተዘግቷል።

ታኅሣሥ 1
የሶርያውያን የጥገኝነት ማመልከቻ ለጊዜው ቆመ አለ የጀርመን ሬዲዮ። አንዱ ፖለቲከኛ ደግሞ አውሮፕላን ተከራይተን አገራቸው እንመልሳቸው ይላል። ምነው! ሰው ድግሱን ሳይጨርስ ጫማውን ያቀብሉታል?

ታኅሣሥ 13
አሚርና ሳልማ አስታርቁን ብለው ጠሩኝ።
"የአባቴን ቤት ማን ይሥራልኝ?" እሱ።
"ፈተናዬስ? ልጆቹስ? አረብኛ ማንበብ እንኳ አይችሉም!" እሷ። የነርስነት ሥልጠናዋን፣ አውስቢልዱንጓን ለመጨረስ ወራት ናቸው የቀሯት።
ትልቋ ልጅ በጀርመንኛ "እኔ እዚሁ ነኝ!" ብላ በሩን ደረገመችው።
ምን ልበል? ደርግ የወደቀ ጊዜ እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ግርማ ደሴ ልንመለስ ሻንጣ ገዝተን ነበር። የሱ ሥራ… የልጃችን ትምህርት… ዓመት ዓመትን ወለደ። ግርማ እዚሁ ተቀበረ። እሱኑ ነገርኳቸው።
"ሂዱም አትሂዱም አልልም። ብቻ ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ።"
ከሄዱ የኔን በር ማን ያንኳኳል? ይሄን አልተናገርኩም።

ጥር 20
አሚር ብቻውን ሆምስ ሄደ። የጀርመን ፓስፖርት አላቸው፣ ተመልሶ እዚህ መግባት አያሰጋውም። ሳልማ ሁለት ቀን ኮስተር ብላ ሰነበተች።

ግንቦት 13
አውሮፓ ሶርያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። "ትናንት የሸሹን ዛሬ ሲሚንቶ ሊሸጡልን ይሻማሉ!" ብላ ሳቀች ሳልማ።

ሐምሌ 18
ሳልማ ፈተናዋን አለፈች! ልጆቹን ይዛ ለሦስት ሳምንት ሆምስ ትሄዳለች፣ ከዚያ እዚህ ሥራ ትጀምራለች። አሚር ግን እዚያው ይቆያል። የሶርያ ዜና አሁንም ደስ አይልም፣ መገዳደሉ አልቆመም። "ትዳራችሁ ለሁለት ተከፈለ?" ብላት "ሁለት ቤት ኖረን በሉ እንጂ!" አለችኝ።
ቀጥላም፣ "እርስዎስ ለዕረፍት፣ ለኡርላውብ የት ነዎት?"
አፌ ቀደመኝ። "ደሴ።"
ከማንም አልተማከርኩም። የኛም አገር ዜና ደስ አይልም… ከሰዓት ትኬቱን ቆረጥኩ። መምጣቴን ልነግራት ደሴ ያለችው ታናሽ እህቴ ኢየሩስ ጋ ደወልኩ።
"በዚህ ዝናብ?"
"በዚህ ዝናብ።"